ስለ መቶ ጊልደር ሥዕል፤ የማቴዎስ ወንጌል 19ኛው ምዕራፍ በአንድ ወረቀት ላይ

የማቴዎስ ወንጌል 19ኛው ምዕራፍ በጉባኤም በቤትም ሲነበብ ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ ይነበባል። ስለ ጋብቻ የሚያስተምር ሰው የፈሪሳውያንን ጥያቄ ይዞ ይተረጕማል፤ ስለ ሕፃናት የሚናገር ሰው ሕፃናቱን ወደ ጌታችን ያመጡበትን ክፍል ያነባል፤ ስለ ገንዘብ የሚገሥጽ ሰው ደግሞ የባለጠጋውን ጐልማሳ ታሪክ ይጠቅሳል። እንዲህ ማድረግ ነውር የለበትም። ነገር ግን አንድ ምዕራፍ ሁልጊዜ በቍራጭ ብቻ ሲነበብ፥ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የሚመሰክሩት ነገር ሳይሰማ ይቀራል። ወንጌላዊው እነዚህን ነገሮች በአንድነት አያይዞ የጻፋቸው በከንቱ አይደለምና።

ይህን ምዕራፍ ሳይቈርጥ አንብቦ፥ ያነበበውንም በቃል ሳይሆን በመስመር የተረጐመ አንድ ሠዓሊ ነበረ። እርሱም የሆላንድ ሰው ሬምብራንት ነው። በ1606 በላይደን ከተማ ተወለደ፤ በ1669 በአምስተርዳም ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ምዕራፍ የሠራው የመዳብ ኅትመት ሥዕል በ1648 ገደማ የተፈጸመ ነው ተብሎ ይታመናል። ቁመቱ 28፥ ወርዱ 39 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ሊመለከተው ይችላል። ሰዎች «የመቶ ጊልደር ሥዕል» ብለው ይጠሩታል፤ ስለዚህም ስም ወደ ኋላ እንናገራለን።

ይህ ሠዓሊ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን፥ የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀበትን ታሪክ በ1626 በቀለም፥ በ1641 ደግሞ በመዳብ ሠርቶታል። ዛሬ ግን የምንመለከተው ስለ ማቴዎስ ወንጌል የሠራውን ነው።

አስቀድሞ እንዲህ ያለው ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል፤ የአሠራሩ ነገር ለትርጓሜው ይረዳልና። ሠዓሊው ልሙጥ የመዳብ ሰሌዳ ያዘጋጅና በሰምና በሙጫ ድብልቅ ስስ አድርጎ ይቀባዋል። ድብልቁ ከጠና በኋላ በሹል መርፌ ይሥልበታል፤ መርፌው ባለፈበት ስፍራ ሰሙ ይነሣና መዳቡ ይገለጣል። ከዚያም ሰሌዳው መዳብ በሚበላ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ሰም ያለበትን አይነካውም፤ የተገለጠውን መስመር ግን ወደ ውስጥ ይቦረቡረዋል። በአሲዱ ብዙ የቈየው መስመር ጥልቅና ጥቍር፥ ጥቂት የቈየው ቀጭንና ፈዛዛ ይሆናል። ሰሙ ከተጠረገ በኋላ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ፊቱ ሲወለወል፥ ቀለሙ በተቦረቦሩት መስመሮች ውስጥ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻም ርጥብ ወረቀት ለብሶ በማተሚያው ሁለት ድቡልቡል ግንዶች መካከል በኀይል ሲያልፍ፥ ወረቀቱ ቀለሙን ከመስመሮቹ ውስጥ መጥጦ ያወጣል።

ሬምብራንት በዚህ ብቻ አልተወሰነም። በሰሌዳው ላይ በመቅረጫ ብረት ጨመረበት፤ ደግሞም ያለ አሲድ በመርፌ መዳቡን በቀጥታ ጫረው። እንዲህ ሲጫር በመስመሩ ዳር የሚነሣው የመዳብ ሸካራ ብዙ ቀለም ስለሚይዝ፥ ጥላው በወረቀት ላይ እንደ ጥቍር ከፋይ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ይህ ሸካራ ግን ተሰባሪ ነው፤ ሰሌዳው ደጋግሞ በታተመ ቍጥር እየተደቈሰ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው የታተሙት ወረቀቶች ኋላ ከታተሙት ይበልጥ ይከብራሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከጃፓን በመጣ ለስላሳ ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሥዕል በዚያ አገር ልዩ አገልግሎት ነበረው። ከ1578 ወዲህ በአምስተርዳም ከተማ ሥልጣን የያዙት የተሐድሶ ሰዎች ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሎችን አንሥተው ነበር፤ ግድግዳዎቹም ነጭ ሆነው ቀሩ። እኛ በቤተ መቅደስ ግድግዳና በብራና ላይ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል እያየን ያደግን ሰዎች ይህን ስናስብ ይደንቀን ይሆናል። የቅዱሳት መጻሕፍት ሥዕል ግን ከሕዝቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ተዛወረ እንጂ። በወረቀት የታተመ ሥዕል በመጽሐፍ መካከል ይቀመጥ ነበር፤ በምሽትም በመብራት አጠገብ ይታይ ነበር። ስለዚህ ይህ ሥዕል ከሩቅ ለሚሰግዱለት ሳይሆን፥ ወንጌልን በእጁ ይዞ ለሚያነብ ሰው የተዘጋጀ ነው።

አሁን ወደ ምዕራፉ እንመለስ። የነገሩ ተራ ይህ ነው። ጌታችን ከገሊላ ወጥቶ በዮርዳኖስ ማዶ ወዳለው ወደ ይሁዳ አውራጃ መጣ፤ ብዙ ሕዝብም ተከተሉት፥ በዚያም ፈወሳቸው። ፈሪሳውያን ሊፈትኑት ቀርበው ሰው ሚስቱን በማናቸውም ምክንያት ሊፈታ ይገባዋልን ብለው ጠየቁት። ከዚያ በኋላ እጁን እንዲጭንባቸው ሕፃናትን አመጡ፤ ደቀ መዛሙርቱ ገሠጹአቸው፥ እርሱ ግን እንዳይከለክሉአቸው አዘዘ። ቀጥሎ አንድ ጐልማሳ የዘላለምን ሕይወት ለማግኘት ምን መልካም ነገር እንዲያደርግ ጠየቀ፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥና እንዲከተለው በተነገረው ጊዜ፥ ብዙ ሀብት ነበረውና እያዘነ ሄደ። ከዚህ የተነሣ ጌታችን የግመሉንና የመርፌውን ቀዳዳ ምሳሌ ተናገረ። ጴጥሮስም እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ ብሎ ዋጋውን ጠየቀ፤ ምዕራፉም ፊተኞች ኋለኞች፥ ኋለኞችም ፊተኞች እንደሚሆኑ በመናገር ይፈጸማል።

በመጽሐፍ እነዚህ ነገሮች አንዱ ካንዱ በኋላ ይመጣሉ። በሥዕሉ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት በአንድ ግቢ ተሰብስበው ይታያሉ። ጌታችን በመካከል ቆሟል፤ ከራሱ ዙሪያ ብርሃን ይወጣል። አንደኛውን እጁን ወደ እናቶቹ ዘርግቷል፥ ሁለተኛውን ከፍ አድርጎ አንሥቷል። በስተ ግራ በኩል ጠያቂዎቹና እናቶቹ፥ በስተ ቀኝ በኩል ድውያኑ አሉ። ይህ አተረጓጐም የእኛ ፈጠራ አይደለም። በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙት ወረቀቶች በአንዱ ላይ ዋተርሎስ የተባለ የዚያ ዘመን ባለቅኔ የጻፈው ግጥም አለ፤ እርሱም ሥዕሉን ከዚህ ምዕራፍ ጋር አያይዞ ተርጕሞታል።

በመጀመሪያ በስተ ግራ ከፍ ብለው የቆሙትን ፈሪሳውያን እንመልከት። ሠዓሊው በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ሠርቷቸዋል፤ ጥላ የለባቸውም፥ ብርሃኑም በላያቸው ሙሉ ነው። እርስ በርሳቸውም ይነጋገራሉ። ከእነርሱ መካከል የተራቀቀ ቃል የሚያስተውል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን አንድ ሐኪም በፊቱ ቆሞ ሳለ ስለ መድኃኒት እንደሚከራከሩ ሰዎች ሆነዋል። ጥያቄያቸው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ጋብቻ ታላቅ ነገር ነውና፥ ጌታችንም መልሶላቸዋል። ጕድለታቸው ለመማር ሳይሆን ለመፈተን መምጣታቸው ነው። ብርሃን የበዛላቸው እነርሱ ናቸው፥ ከሁሉም ይልቅ ገርጥተው የሚታዩትም እነርሱ ናቸው።

ከእነርሱ በታች እናቶቹ አሉ። አንዲቱ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጌታችን ትቀርባለች። በጌታችን አጠገብ ያለው፥ ጴጥሮስ ነው የሚባለው ሽማግሌ፥ እንዳትቀርብ በእጁ ይከለክላታል። የጌታችን እጅ ግን ከእርሱ እጅ አልፎ ወደ እርስዋ ተዘርግቷል። እዚህ ላይ ማስተዋል ያሻል። የከለከለው ጠላት አይደለም፥ ወዳጅ ነው እንጂ፤ መምህሩን ከድካም ለማሳረፍ አስቦ ይሆናል። ከጌታ ጋር የሚኖር ሰውም ሌላው እንዳይገባ በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ተግሣጽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው በቤተ ክርስቲያን የምናገለግለውን ነው። ሁለተኛዪቱም እናት ትመጣለች፤ በአጠገብዋ ያለው ትንሽ ልጅ ልብሷን ይዞ ወደ ጌታችን ይጐትታታል። ታላቁ ታናሹን ይመራ ዘንድ የተለመደ ሲሆን፥ እዚህ ግን ታናሹ ታላቁን ይመራል።

በስተ ቀኝ በኩል ድውያኑ ከጨለማ ውስጥ ይወጣሉ። አንዲት ሴት በጌታችን እግር አጠገብ በምንጣፍ ላይ ተኝታለች፤ መነሣት አትችልም። አንድ ዕውር ሽማግሌ በትሩን ይዞ፥ አሮጊት ሴት እየመራችው ይመጣል። ሌላውን በባለ አንድ ጎማ ጋሪ ላይ አስተኝተው አምጥተውታል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ጥያቄ የለውም፤ ስለ ሕግም አይከራከርም፥ የዘላለምን ሕይወት በምን ሥራ አገኛለሁ ብሎም አይጠይቅም። ይዘው የመጡት ድካማቸውን ብቻ ነው። ደግሞም ብዙዎቹ ብቻቸውን አልመጡም፤ አንዱ ሌላውን ደግፎታል፥ አንዱ ሌላውን ተሸክሞታል።

ከእነዚህ መካከል በጕልበትዋ ተንበርክካ እጆችዋን አንድ ላይ አድርጋ የምትለምን ሴት አለች። ብርሃኑ ከስተ ግራ ወደ እርስዋ ሊመጣ በተገባ ነበር፤ ሠዓሊው ግን የጸሎት እጆችዋን ጥላ በጌታችን ልብስ ላይ እንዲወድቅ አድርጎታል። ይህ ሥዕሉን በችኰላ ለሚያይ ሰው የሚሰወር ትንሽ ነገር ነው። ባስተዋልነው ጊዜ ግን ብዙ ያስተምራል። ሴቲቱ ልብሱን በእጅዋ አልነካችም፤ ልመናዋ ግን ደርሶበታል። በኢየሩሳሌም አደባባይ የጴጥሮስ ጥላ እንዲያርፍባቸው ድውያንን በአልጋ ያወጡ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በ5ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል፤ በዚህ ሥዕል ደግሞ የድውይዋ ጥላ በጌታችን ላይ ያርፋል። ደዌያችንን እርሱ ተሸከመ የሚለውን ትምህርት ለማስተዋል ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በስተ ቀኝ ዳር፥ በጨለማው በር ውስጥ ግመል ይታያል። ምዕራፉን ያላነበበ ሰው መንገደኞች የመጡበት ከብት ነው ብሎ ያልፈዋል። ምዕራፉን ያነበበ ሰው ግን ስለ ባለጠጎች የተነገረውን ምሳሌ ያስታውሳል። ሠዓሊው ግመሉን በመካከል አላቆመውም፥ ጽሑፍም አልጨመረበትም፤ በዳር አስቀምጦ ለአንባቢው ትዝታ ተወው።

እንግዲህ ምሳሌው ስለ ማን እንደ ተነገረ እንፈልግ። በእናቶቹ መካከል፥ ያማረ ልብስ የለበሰ አንድ ጐልማሳ ተቀምጧል። እጁን ወደ አፉ አቅርቦ ያስባል። በወንጌል የተጻፈው የመጨረሻው ቃል እያዘነ መሄዱን ይነግረናል፤ እኛም ስሙን በሰማን ጊዜ ወዲያው ጀርባውን እናስባለን፥ በእርሱም ላይ እንፈርዳለን። ሬምብራንት ግን ከመሄዱ በፊት ያለችውን ጊዜ መረጠ። ጐልማሳው ቃሉን ሰምቷል፥ ገና አልተነሣም። በዙሪያው ግን መልሱ ሁሉ ቆሟል፤ በአንድ ወገን ምንም ሳይኖራቸው የተቀበሉት ሕፃናት፥ በሌላው ወገን ምንም ሳያመጡ የሚፈወሱት ድውያን አሉ። ዐይኑን ቢያነሣ ያያቸው ነበር። ክፍሎቹ ተለያይተው ሲነበቡ ይህ ነገር አይታይም፤ በአንድነት ሲነበቡ ግን ሕፃናቱና ድውያኑ ለጐልማሳው የተሰጡ ትርጓሜ እንደ ሆኑ ይገለጣል። ከእርሱ የተፈለገው ከሌሎቹ የሚበልጥ ሸክም አልነበረም፤ እነርሱ በመጡበት መንገድ፥ ባዶ እጁን እንዲመጣ ነው እንጂ።

አሁን ስለ ስሙ እንናገር። ጊልደር እስከ 2002 ድረስ የሆላንድ ገንዘብ ነበረ። በ1654 በአንትወርፕ የሚኖር ያን ሜይሰንስ የተባለ የሥዕል አሳታሚ ለብሩዥ ኤጲስ ቆጶስ በጻፈው ደብዳቤ፥ ይህ ሥዕል በሆላንድ በመቶ ጊልደርና ከዚያም በላይ ደጋግሞ እንደ ተሸጠ አስታውቋል። ለአንድ የታተመ ወረቀት ይህ እጅግ ብዙ ዋጋ ነበር። ዤርሳ የተባለ የፈረንሳይ ነጋዴ ያዘጋጀውና በ1751 የታተመው የሬምብራንት ሥዕሎች መዝገብ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ከሮም የመጣ አንድ ነጋዴ ለዚህ ሥዕል ልዋጭ መቶ ጊልደር የሚያወጡ የማርካንቶኒዮን የኅትመት ሥዕሎች አቀረበ ይላል። በአምስተርዳም በሚገኘው በራይክስ ሙዚየም ባለው አንድ ወረቀት ጀርባ ላይም፥ ሬምብራንት ለወዳጁ ማርካንቶኒዮ በሠራው የወረርሽኝ ሥዕል ልዋጭ እንደ ሰጠው ተጽፎ ይገኛል። የሆነው ሆኖ ሥዕሉ የታወቀው በዋጋው ነው። ባለጠጋው ገንዘቡን እንዲተው የተነገረበትን ምዕራፍ የያዘ ወረቀት፥ በገንዘብ መጠን ስም ወጣለት። ሰው የተቀደሰውን ነገር እንኳ በለመደው ሚዛን ለመመዘን እንዴት የፈጠነ እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

የሠዓሊውም ኑሮ በዚሁ ነገር ላይ ይመሰክራል። ሬምብራንት በ1639 በአምስተርዳም ትልቅ ቤት በ13,000 ጊልደር ገዛ፤ ዕዳውን ግን ከፍሎ መጨረስ አልቻለም። በ1642 ሚስቱ ሳስኪያ ሞተችበት። በ1656 ከስሮ ንብረቱ ሁሉ ለባለ ዕዳዎች እንዲሸጥ ተመዘገበ፤ በዝርዝሩም ከብዙ ሥዕልና ዕቃ ጋር አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። ቤቱ በ1658 ተሸጠ። በሞተም ጊዜ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን በኪራይ መቃብር ተቀበረ። ይህን የምንናገረው ያለውን ትቶ ጌታን የተከተለ ሰው ነው ለማለት አይደለም፤ ሀብቱን ዕዳ ወሰደበት እንጂ እርሱ አልሰጠውምና። ነገር ግን ጐልማሳውን ያለ ፌዝና ያለ ጥላቻ የሣለበት ምክንያት ከዚህ ሳይገኝ አይቀርም። ሀብትን የሚወድድ ሰው ልብ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር።

የመዳቡ ሰሌዳም መጨረሻ ትምህርት አለው። ከሠዓሊው ሞት ከመቶ ዓመት በኋላ ዊልያም ቤይሊ የተባለ የአየርላንድ ሰው ሰሌዳውን አገኘ። የደከሙትን መስመሮች እንደ ገና ቀርጾ በ1775 አዳዲስ ወረቀቶች አሳተመበት፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን በአራት ቈርጦ ቍራጮቹን ለየብቻ አተመ። እናቶቹ ከድውያኑ፥ ድውያኑም ከጌታችን ተለዩ። እያንዳንዱ ቍራጭ የሚታይ ውበት አለው፤ ነገር ግን የእጆቹ ጥላ ካረፈበት ልብስ፥ ግመሉም ከጐልማሳው ሲለይ፥ የሥዕሉ ነገር ይጠፋል።

አንባቢ ሆይ፥ እኛም በወንጌል ላይ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። ለሌላው የሚሆነውን ቍጥር ለይተን ይዘን፥ ለእኛ የሚሆነውን ወደ ዳር የምንተው ብዙዎች ነን። የተጋባው ሰው ስለ ፍች የተነገረውን ያልፋል፤ አገልጋዩ ሕፃናቱን ስለ ከለከሉት የተነገረውን ያልፋል፤ ባለጠጋውም ግመሉን ያልፈዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ 19ኛውን ምዕራፍ ከፊተኛው ቍጥር እስከ መጨረሻው ድረስ ሳታቋርጥ አንብብ። ካነበብህም በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ ስፍራህ የት እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ፤ ከሚከራከሩት ጋር ነውን? በእጁ ከሚከለክለው ጋር ነውን? በምንጣፍ ላይ ከተኛችው ጋር ነውን? ወይስ እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ከሚያስበው ጋር? ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ብትሆን ተስፋ አትቍረጥ። በሰው ዘንድ የማይቻለው በእግዚአብሔር ዘንድ እንደሚቻል በዚያው ምዕራፍ ተነግሮአልና፤ አንተም እስካሁን ከስፍራህ አልተነሣህም፥ የጌታችንም እጅ አልታጠፈችም።